ጋሼ ጀማነህ ወደ ጀልባ ሲገቡ

ጋሼ ጀማነህ ከሰው ሁሉ ኋላ መድረስን ሙያ አድርገው የያዙ ሰው ናቸው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ውስጥ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ክርስትናም ይሁን የእድር ስብሰባ፣ ታዳሚው ወንበር ወንበሩን ይዞ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አመቻችቶ፣ እጁን ሊሰድ ሲል በሩ ይከፈታል። ቤቱ ሙሉ ብድግ ይላል። «ኖር!» ይባላል። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ፣ በማርያም!» ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኝተው፣ አንድም ሰው እንዳልቀረ ካጣሩ በኋላ ነው።

ለረጅም ጊዜ የመንገድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሚነርቫ ፓርክ ነው የሚኖሩት፤ ትራፊክ ይዟቸው ይሆናል እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን የእድሩ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ማቀዝቀዣውን ስጠግን ነገሩን አየሁት። ሥራዬ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ነው፤ ሰው ከላይ እታያለሁ ብሎ የማያስብባቸውን ብዙ ነገሮች አያለሁ። የጋሼ ጀማነህ መኪና ከሁሉም ቀድማ መጥታ ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ቆማለች። እሳቸው ውስጥ ናቸው። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጥጠው የአዳራሹን በር ይጠብቃሉ። ሰው ሲገባ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ እንደገና ይጋደማሉ። ፓርኪንጉ ሞልቶ የሚገባው ሰው ሲያልቅ በመስታወቷ ክራቫታቸውን አስተካክለው ወረዱና፣ ሲሮጥ እንደመጣ ሰው እያለከለኩ ገቡ። ከእግሬ ሥር የወንበሮች መንኳኳት ተሰማኝ። የፋኑን ብሎን ማጥበቄን ቀጠልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በሕይወታቸው ሌላ ነገር አልሠሩም ማለቴ አይደለም። በሱዳን በኩል ተሰደው መጥተዋል፤ የሆቴል አንሶላ አጥበዋል፤ ኋላም ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሱፐርቫይዘር ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸውን ከፍለው ጨርሰዋል። እዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ቅሬታዬ ከጡረታ በኋላ በጀመሩት ሥራ ላይ ነው። ሽምግልና ይሉታል። ማንን እንዳስታረቁ ሲጠየቁ «ምስጢር ነው» ይላሉ። የተጣላ ሰው ምክር ሲጠይቃቸው «ቁጭ ብላችሁ ተወያዩ» ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ግን ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ጉሮሮ ሦስት ጊዜ ተጠርጎ ነው። ያልተነሳላቸውን ወጣት አይቆጡም። ቀስ ብለው ይጠጉትና ትከሻውን ይዘው «አባትህ ደህና ናቸው? እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው መሰሉህ!» ይሉታል። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን ነፋስ ቢያንቀሳቅሰው እንኳ ብድግ ይላል።

እኚህን ሰውዬ ነው እንግዲህ ወደ ዝናብ ደን ይዘን የሄድነው።

ጉዞውን ያመጣችው ሳሌም ናት። ክሊቭላንድ ጎዳና ላይ የትኬት ቢሮ አላት። ሁሌ የምትሸጠው የአዲስ አበባ በረራ ነው፤ ዘንድሮ ግን ለእድሩ ሰዎች አዲስ ነገር አቀረበች። ኮስታ ሪካ፣ ትንሽ መርከብ፣ በአንድ በኩል ደን፣ በሌላው በኩል ባሕር።

«ካዚኖ የለውም?» አለ አንድርያስ። አንድርያስ የረጅም መንገድ ትራክ ይነዳል፤ ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያማርር ግዙፍ ሰው ነው።

«የለውም።»

«ዳንስስ?»

«የለም አልኩህ! ጠዋት ጠዋት በላስቲክ ጀልባ ትወርዳለህ፣ ወንዙ አፍ ድረስ ትገባለህ፣ ጸጥ ብለህ አውሬ ታያለህ።»

«አውሬማ ሀይዌይ ላይ በየቀኑ አያለሁ። ተገጭቶ የሞተ ነው እንጂ።»

ቢሆንም ተመዘገበ። ጋሼ ጀማነህም ተመዘገቡ። ሳሌም እንደነገረችኝ ቢሮዋ ሲመጡ ስለ እንስሳቱ አንድም ነገር አልጠየቋትም። የጠየቋት «ከኛ ሰዎች እነማን አሉ?» ብለው ነው።

እኔን ያስመዘገበችኝ እትዬ ፋንቱ ናት። ሂልቶፕ ላይ ጎረቤታሞች ነን፤ የቤቷን ማሞቂያ የምጠግንላት እኔ ነኝ። አንቱ ስላት «ገና አልተቀበርኩም» ብላ ስለምትቆጣ አንቺ እላታለሁ። ሥራዋ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነበር። የመጨረሻዋ ታማሚዋ ዶሪስ የምትባል አሜሪካዊት አሮጊት ከጠዋት እስከ ማታ የአውሬ ፕሮግራም ታያለች፤ እትዬ ፋንቱም ሾርባ እያጎረሰቻት አብራ ታያለች። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ ታፒር የሚባል እንስሳ መጣ። ቁመቱ የአህያ፣ ገላው የአሳማ፣ አፍንጫው ደግሞ ኩምቢ ሊሆን ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ ዓይነት ነው። እትዬ ፋንቱ «ይሄማ ውሸት ነው፤ በኮምፒውተር የሠሩት ነው» አለች። ዶሪስ «እውነተኛ ነው» አለች። ሙግቱ አሮጊቷ ልጇ ዘንድ ወደ ሌላ ስቴት እስክትሄድ አላለቀም።

ከዚያ የእትዬ ፋንቱ ዓይን ታመመ። ግላኮማ ነው። ግራው ጠፋ፤ ቀኙ ከዳር ወደ መሃል እየተዘጋ ነው። ሐኪሙ መኪና መንዳት እንድታቆም ነገራት፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም አላት።

«ጁኔ» አለችኝ። ስሜ ጁነዲን ነው። «እኔ አሁን ዓለምን የማያት በዚያ በምትገጣጥመው ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ሳይደፈን አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምን?»

«ያንን ጉደኛ አፍንጫ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ልጄ ሀሌሉያ ቪዲዮ ታሳየኛለች። ‹ሲ ማም? ኢትስ ሪል!› ትለኛለች፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መመለሱ ላይ የለችበትም። ቪዲዮማ ያኔም አይቻለሁ። አሁን በዓይኔ ነው የምፈልገው። አንተ አጠገቤ ሆነህ ወዴት ማየት እንዳለብኝ ትነግረኛለህ። ሌላ ሥራ የለህም።»

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ ማሞቂያ አርፎ ማቀዝቀዣ ያልተጀመረበት ወቅት። እውነትም ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

በመርከቧ የመጀመሪያ ጠዋት መሪያችን ዊልበርት የጀልባዋን ሕግ ነገረን። ዊልበርት የአገሩ ልጅ ነው፤ ቅጠል ውስጥ የተደበቀ እንቁራሪት ከሩቅ የሚያይ፣ ለእንግዳ ግን ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይሆንለት ትሑት ሰው። ሕጉ አጭር ነው። በላስቲክ ጀልባዋ ላይ ማንም አይቆምም። መነሳት የፈለገ ይናገራል፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ መሪው እጁን ይዞት። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በመርከቧ የኋላ ደረጃ በኩል ወርደን በጀልባዋ ግራና ቀኝ ጠርዝ ተቀመጥን። ሞተሩ ተነሳ። ዊልበርት ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ጋሼ ጀማነህ ደረጃው ላይ ብቅ አሉ።

ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰፊ ኮፍያ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናናዬ ከኋላቸው የእሳቸውን ቦርሳ፣ የእሳቸውን ውኃና የእሳቸውን ጃኬት ተሸክመው ይከተላሉ።

«ኖር!» አለ አንድርያስ፤ ተነሳም። ሁሉም ተነሳ። አንድርያስ በነበረበት በኩል ጀልባዋ ወደ ውኃው ሰመጠች፤ በኛ በኩል ያለው ደግሞ እንደ በር ወደ ላይ ተከፈተ። ሳሌም ወለሉ ላይ በቂጧ ወደቀች። የዊልበርት ባይኖኩላር ባሕር ገባ።

«ሲት! ፕሊስ፣ ሲት!»

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «ኧረ ተቀመጡ!»

ጫጫታውን የሰሙ ሽመላዎች ከማዶው ዛፍ ላይ በአንድ ጊዜ ተነሱ። ጋሼ ጀማነህ ቀና ብለው አዩዋቸውና ደስ አላቸው። የተነሱት ለእሳቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ያን ቀን ያየነው የአንድ አዞ ጅራት ነው። ቀሪው አዞ አልጠበቀንም።

በማግስቱም ያው ነው። መርከቧ ላይ ጀርመኖችም ነበሩ፤ ከፊታችን የሄደው ጀልባቸው ቀይ በቀቀን አየ፣ ጦጣ አየ፤ ምሳ ላይ ፎቶአቸውን ዘርግተው ያሳዩናል። እኛ ያለን የእርስ በርሳችን ፎቶ ነው፤ እሱም የተንጋደደ። ጋሼ ጀማነህ ጀልባ ውስጥም አርፈው አይቀመጡም። ፀሐይ መታኝ ብለው ወደ ጥላው ሲዛወሩ፣ ጥላው ሲርቅ ሲመለሱ፣ ሲያልፉ ሁሉ ሰው ከወገቡ ብድግ ይላል። ዊልበርት መጀመሪያ ላይ «ፕሊስ» ይል ነበር። በኋላ ተወው። ከልጅነቱ ጀምሮ የማዕበልን ጠባይ ያጠና ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ማዕበል ግን አልገጠመውም።

እሳቸው ደግሞ ስለሚታየው ነገር ያላቸው አስተያየት ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ይሄ ጦጣ ነው? ላንጋኖ ሞልቶ የለ!»

«ይሄስ፣ ጋሼ?»

«እንሽላሊት ነው። ምን አዲስ ነገር አለው?»

እንሽላሊቱ በሁለት እግሩ ቆሞ ውኃ ላይ ሲሮጥ ነበር። አላዩትም። የሚያዩት ማን እንደሚያያቸው ነው።

ታፒሩ የመጣው ዝናብ ባደረ ጠዋት ነው። ትልቁ ወንዝ ባሕሩ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ነን፤ በዚህ በኩል አሸዋ፣ በዚያ በኩል ደኑ እስከ ውኃው ወርዷል። ጋሼ ጀማነህ ሽንት መጣብኝ ብለው አሸዋው ላይ ወርደው ከዘንባባዎቹ ጀርባ ሄደዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባዋ ጸጥ አለች። ዊልበርት ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ቆየና በሹክሹክታ «ታፒር» አለ፤ በአገጩም ማዶውን አሳየን።

እኔ ወዲያው አየሁት። ለእትዬ ፋንቱ ግን ወዲያው የሚባል ነገር የለም። ዓይኗ አንድ ሳንቲም የምታህል ቦታ ብቻ ነው የሚያሳያት፤ ያቺን ሳንቲም በደኑ ሁሉ ላይ ማዞር አለባት። ጭንቅላቷን ከኋላ ይዤ ሥራዬን ጀመርኩ።

«ውኃው ዳር ነጭ ግንድ አለ። አገኘሽው?»

«ቆይ… አዎ። ግንድ።»

«እሱን ይዘሽ ወደ ቀኝ ሂጂ። ቀስ በይ። ድንጋይ ታገኛለሽ።»

«ድንጋይ… አገኘሁ።»

«ከድንጋዩ ከፍ በይ። ትንሽ ብቻ። እዚያ—»

«ኖር!»

አንድርያስ ነው። ጋሼ ጀማነህ ሱሪያቸውን እያራገፉ ከዘንባባው ጀርባ መጥተው ነበር። ጀልባዋ ተናወጠች፤ የእትዬ ፋንቱ ጭንቅላት ከእጄ ወጣ፤ ውኃው ጠርዙን መታ። ማዶ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።

«የት አለ?» አለች። «ጁኔ፣ ድንጋዩ ጠፋኝ። የት አለ?»

«ሄደ።»

«በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ ጋሼ ጀማነህ ወደ ቦታቸው አለፉ። «ምኑ ነው የሄደው?»

እትዬ ፋንቱ ወደ ማዶው እንዳፈጠጠች ቀረች። የምታየው ድንጋይ ይሁን ውኃ አላውቅም።

ያን ዕለት እራት ላይ ለመመካከር የተመቸ ጊዜ አገኘን፤ ምክንያቱም ጋሼ ጀማነህ እንደ ልማዳቸው ዘግይተዋል። ካቢናቸው ውስጥ ሆነው የሰሃኑን ድምፅ እንደሚያዳምጡ እርግጠኛ ነኝ። እትዬ ፋንቱ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ስሙኝ። ነገ የመጨረሻው ጠዋት ነው። ዊልበርት እዚያው ቦታ እንደሚወስደን ነግሮኛል። ነገ ለጋሼ ጀማነህ ማንም እንዳይነሳ።»

ገበታው ዝም አለ። ሰው ቢሞት እንኳ እንዲህ ዝም አይባልም፤ ሲሞት ቢያንስ ይለቀሳል።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ አንድርያስ። «ሽማግሌ እኮ ናቸው፣ እትዬ ፋንቱ።»

«እኔም አሮጊት ነኝ። ለእኔ ስትነሳ አላየሁህም።»

«እሺ ልቀመጥ ብዬ ብወስንስ? ሳላስበው ነው እኮ የምነሳው።»

«እኔም» አለች ሳሌም። «በዙም ስብሰባ ላይ እንኳ ሲገቡ ተነስቻለሁ። ካሜራዬ ጠፍቶ!»

ሳቁ። እትዬ ፋንቱ ግን የሰበሰበችን ለሳቅ አልነበረም። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«እናንተ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መርከብ ትሳፈራላችሁ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ይሄን ማንኪያ በዳበሳ ነው የማገኘው። ለአንድ ጠዋት ቂጣችሁን ያዙልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኋችሁም።»

ሳቁ ቆመ። አንድርያስ አንገቱን ደፋ።

እዚህ ላይ ነገሩ የጥገና ጉዳይ ሆነ፤ በቃል የማይያዝ ነገር በገመድ ይያዛል። በጀልባዋ ጠርዝ ዙሪያውን ወፍራም ገመድ አለ። እያንዳንዱ ሰው በሁለት እጁ ከጀርባው በኩል ገመዱን ጨብጦ ይቀመጥ፤ ጉልበት ቢነሳ እጅ ይመልሰዋል። አንድርያስ ደግሞ መሃል ላይ፣ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ፤ ከዚያ ለመነሳት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ተስማምተን ሳንጨርስ የመመገቢያው በር ተከፈተ።

ሁላችንም ተነሳን።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «ኧረ ተቀመጡ! ምንድን ነው ጨዋታው?»

«ስለ ታፒሩ ነው» አለች ሳሌም።

«አሳማ ነው አሉ። አይ የሀበሻ ነገር! አሳማ ለማየት ባሕር ተሻግሮ!»

ወይዘሮ እናናዬ ስብሰባችን ላይ አልነበሩም። ባላቸውን አስቀምጠው፣ ናፕኪናቸውን አንጥፈው፣ አሣቸውን ከአጥንት እየለዩ ሳለ እትዬ ፋንቱን በጎን አዩዋት። ትንሽ ቆይተው «አላየሽውም አሉ?» አሏት ቀስ ብለው።

«አላየሁትም።»

ወይዘሮ እናናዬ አሣውን መለየታቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባዋ ላይ ከሁሉ ቀድመው ተቀምጠው ያገኘነው ወይዘሮ እናናዬን ነው። የባላቸውን ቦርሳና ኮፍያ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ገመዱን ማንም ሳይነግራቸው በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። አንድርያስ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። እትዬ ፋንቱ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ። ባሕሩ ተኝቷል። የጀርመኖቹ ጀልባ ሄዳለች። ዊልበርት ሰዓቱን አየ፤ ወደ ደኑ አየ።

ጋሼ ጀማነህ ደረጃው ላይ ብቅ አሉ። ቀኝ እጃቸው ከወዲሁ ደረታቸው ላይ ነበር።

እጆቻችን ገመዱን ባይዙ ኖሮ አልቆልን ነበር። የሁሉም ሰው ወገብ ወደ ላይ ሲሳብ፣ ክንዱ ሲወጠር፣ ተመልሶ ሲቀመጥ አየሁ። ከወለሉ ላይ አንድርያስ እንደ ሸክም እንስሳ አቃሰተ። «ኖ—» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ጀልባዋ ትንሽ ተርገፈገፈችና ረጋች። ማንም አልተነሳም።

ጋሼ ጀማነህ አንድ እግራቸውን አንስተው ጠበቁ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ «በእግዜር» ከንፈራቸው ላይ ደርሷል፤ የሚመለስለት ሰው ግን የለም። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጁነዲን፣ አባትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ። ይግቡ፣ እንሂድ።»

«እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው…»

«ጋሼ ጀማነህ» አለች እትዬ ፋንቱ ፊቷን ሳታዞር፤ ብታዞርም ወዲያው አታገኛቸውም ነበር። «ንቀት አይደለም። ጀልባዋ ስትናወጥ እኔ ማየት አልችልም። ይግቡና ይቀመጡ።»

እግራቸውን መልሰው ደረጃው ላይ አሳረፉ።

«ይቅርብኝ» አሉ። «ሂዱ። እኔ ይቅርብኝ።»

ይሄ «ይቅርብኝ» ምን እንደሆነ የማያውቅ ሀበሻ የለም። ሂዱ ማለት አይደለም። ውረዱ፣ ክበቡኝ፣ በሞቴ በሉኝ፣ ጉልበቴን ያዙ፣ እኔም እንቢ ልበል፣ እንደገና ለምኑኝ፣ ከብዙ ልመና በኋላ ስለ እናንተ ስል እሺ ልበል ማለት ነው። በደህና ቀን ምሳ እስኪደርስ ያስኬዳል። ሳሌም አፏን ልትከፍት ስትል አየኋት። ልመናውን መጀመር ያለባቸው ግን ወይዘሮ እናናዬ ናቸው፤ ወጉ ነው። ሁሉም ወደሳቸው ዞረ።

ወይዘሮ እናናዬ ገመዱን በአንድ እጃቸው ለቀቁ። ኮፍያውን ከጭናቸው አንስተው ደረጃው ላይ ወረወሩላቸው።

«ፀሐይ እንዳይመታህ» አሉ።

«ሂድ» አለችው እትዬ ፋንቱ ለዊልበርት። ያንን ያለችው በአማርኛ ነው፤ ሰውየው ግን ገመዱን ፈታ።

ወንዙ አፍ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ማንም አልተናገረም፤ ማንም አልተነቃነቀም። የውኃውን ድምፅ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ቀይ በቀቀኖች ከላይ እየተንጫጩ አለፉ፤ ማንም አልጠቆመም። ጦጣዎች ቅርንጫፍ ሲያንቀሳቅሱ አንድርያስ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ታፒሩ አልመጣም። እትዬ ፋንቱ ደኑን በዚያች ሳንቲሟ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስትጠርግ ቆየች። ዓይኗ ያነባል፤ በእጇ ጀርባ ትጠርግና ትቀጥላለች።

«ደከመሽ?» አልኳት።

«ዝም በል።»

ከዚያ የዊልበርት እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ከድንጋዩ አልፎ፣ ውኃው ዳር፣ አንድ ጥቁር ነገር ከቅጠሉ ውስጥ ግማሽ ገላውን አውጥቶ ቆሟል።

«ነጩን ግንድ አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

«ወደ ቀኝ። ድንጋዩ።»

«ይዤዋለሁ።»

«አሁን ከፍ ሳይሆን ዝቅ። ውኃው ዳር። ጥቁር ነው፤ የጆሮው ጫፍ ነጭ ነው።»

ጭንቅላቷ በእጄ ውስጥ እንደ ሰዓት መርፌ ቀስ ብሎ ዞረ፤ አለፈ፤ ተመለሰ፤ ቆመ። እጄን አነሳሁ።

አልጮኸችም። ረጅም ትንፋሽ አስገባችና ሳትለቀው ያዘችው። ታፒሩ አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ግራ አጠፈው፤ ወደ ቀኝ አጠፈው፤ አንድ ቅጠል ጠቅልሎ ጎረሰ።

«በሞትኩት!» አለች በሹክሹክታ። «ራሱን ያጎርሳል!»

«እውነት ነው ወይስ ኮምፒውተር?»

«ዝም በል አልኩህ እኮ!»

የዊልበርት የመገናኛ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ዊልበርት ፈጥኖ ድምፁን ቀነሰና ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ፊቱ ተጨነቀ። ወደ ሳሌም ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ አንሾካሾከላት። ሳሌም ወደ ወይዘሮ እናናዬ ዘንበል አለች።

«ከመርከቧ ነው። ጋሼ ጀማነህ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ደም ብዛቴ ተነሳ ብለዋል። ነርሷ ለክታቸው ምንም የለም ትላለች፤ እሳቸው ግን ሰዎቼን ጥሩልኝ እያሉ ነው። ዊልበርት እንመለስ ወይ ይላል።»

ሁሉም ወይዘሮ እናናዬን አየ። እሳቸው የሚያዩት ታፒሩን ነው። እንስሳው እግሩን ውኃው ውስጥ አስገብቷል፤ የሚሻገር ይመስላል፤ የሚሻገረውም ወደኛ ነው።

«የጀማነህ ደም ብዛት ሰው ሲያየው ነው የሚነሳው» አሉ ወይዘሮ እናናዬ። «ነርሷ ትሂድና ብቻውን ትተወው፤ ይወርድለታል።»

ሳሌም ተረጎመች። ዊልበርት ሬዲዮውን ዘጋ።

ታፒሩ አንገቱ ድረስ ገባ። ከውኃው በላይ የቀረው አፍንጫው፣ ዓይኑና ሁለቱ ነጭ ጫፍ ያላቸው ጆሮዎቹ ናቸው፤ እየዋኘ ይመጣል። እትዬ ፋንቱ ገመዱን ለቃ ሁለት እጇን ከፊቷ ዘረጋች፤ ሊነካት የቀረበ መስሏት ይሆናል። መንገዱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«አያስፈልግም» አለች። «ይዤዋለሁ።»